በለስ በደጋ ግድግዳ ሥር



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ዛፍና ስለ አንድ ግድግዳ ነው። ዛፉ በለስ ነው። በትግራይ ተራሮች ከእሾሃማው ቁልቋል ላይ የሚለቀመው በለስ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ሌላ ተክል ስለሆነ እሱን ለዛሬ እንተወው። የኔ ጉዳይ ቅጠሉ ሰፊና ሸካራ የሆነው፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈስሰው፣ አዳምና ሔዋን ቅጠሉን ሰፍተው የለበሱት በለስ ነው። ይህን ዛፍ በግቢያቸው የተከሉ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሡት ቅሬታ አንድ ነው፤ ቅጠሉ ያምራል፣ ፍሬው ግን ወይ አይመጣም፣ ወይ ሳይበስል ይቀራል።

ይዤላችሁ የመጣሁት ሐሳብ ይህ ነው፦ በአዲስ አበባ ከፍታ በለስን የሚያበስለው ግድግዳው ነው። ውኃውም፣ ፍጉም፣ መግረዙም ከግድግዳው ቀጥለው ይመጣሉ። ግድግዳውን የመረጠ ሰው ሥራውን አጋምሶታል፤ ግድግዳውን የሳተ ሰው ደግሞ ምንም ያህል ቢንከባከብ ጥላ ብቻ ነው የሚያተርፈው።

ለምን እንዲህ እንደሆነ የዛፉ አገር ይነግረናል። በለስ የሜድትራንያን ዳርቻና የምዕራብ እስያ ልጅ ነው። በዚያ አገር ዝናቡ የሚዘንበው በብርዱ ወራት ነው፤ ሙቀቱ ሲመጣ ሰማዩ ይዘጋል፣ ፍሬውም በረጅም ደረቅ ሐሩር ውስጥ ይበስላል። ሰው ይህን ዛፍ ከየትኛውም ሰብል ቀድሞ ሳያላምደው አልቀረም። በዮርዳኖስ ሸለቆ ጊልጋል በሚባል ጥንታዊ መንደር ተቃጥለው የቀሩ የበለስ ፍሬዎች ተገኝተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ጥናታቸውን ያሳተሙት ተመራማሪዎች ፍሬዎቹ ከ11,000 ዓመት በላይ እንዳስቆጠሩና ዘር የማያፈሩ፣ ሰው ቅርንጫፋቸውን እየቆረጠ ካልተከላቸው በቀር የማይራቡ ዓይነቶች እንደነበሩ ገልጸዋል። እንደነሱ አባባል ይህ የሆነው ስንዴና ገብስ ከመልመዳቸው በፊት ነው። ዛፉ በተፈጥሮው የገደልና የድንጋይ ስንጥቅ ወዳጅ ነው፤ በአገራችን ገደላማ ቦታዎች የሚበቅለው የቅርብ ዘመዱ የዱር በለስም እንዲሁ ከቋጥኝ መሐል ሥር ይሰዳል። ስለዚህ በለስን ከግድግዳ አጠገብ ማሳደግ ዛፉን ከለመደው ነገር ጋር ማገናኘት ነው።

እኛ ደግሞ የት ነው ያለነው? አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላለች፤ የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ርቀን እያለን ማታ ማታ ጋቢ እንደርባለን። ለበለስ ይህ ሁለት ችግር አለው። አንደኛው፣ ፀሐይዋ በምትሞቅበት በበጋ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ሁለተኛውና የከፋው፣ ቅጠሉ በለመለመበትና ፍሬው ባበጠበት ሰዓት ክረምቱ ከተፍ ይላል። ሐምሌና ነሐሴ ዳመናው ፀሐይን ይከለክለዋል፣ ዝናቡ ፍሬውን ይሰነጥቀዋል፣ እርጥበቱ ቅጠሉን ያሳምመዋል። እንግዲህ ሙቀትን ቀን አጠራቅሞ ሌሊት የሚመልስ፣ ዝናብንም የሚጋርድ ነገር ያስፈልገናል። ሁለቱንም የሚሠራው ከጣሪያ ክፈፍ በታች የቆመ ግድግዳ ነው።

የትኛው ግድግዳ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ከውጭ አገር መጻሕፍት የሚቀዳው ምክር ለእኛ ግማሹ ብቻ ነው የሚሠራው። የአውሮፓ አትክልተኛ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ስለምታልፍበት «በለስህን ደቡብ በሚያይ ግድግዳ ላይ ትከል» ይባላል። በእኛ አገር ግን ፀሐይ ወዲያና ወዲህ ትላለች። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማብቂያ እኩለ ቀን ላይ ልክ ከአናታችን በላይ ትቆማለች። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በሰኔ አጋማሽ ዝንባሌዋ 14 ዲግሪ ያህል ነው። ከነሐሴ ማብቂያ እስከ ሚያዝያ ደግሞ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ በታኅሣሥ 32 ዲግሪ ትደርሳለች። አሁን ይህን ከዝናባችን ጋር አስተያዩት። ፀሐይ በሰሜን በኩል የምትሆንባቸው ዋና ወራት ዳመና የሚጋርዳት ክረምት ነው። በደቡብ በኩል የምትሆንባቸው ወራት ግን ሰማዩ የጠራ፣ ሌሊቱ የቀዘቀዘ፣ ሙቀት እጅግ የሚፈለግባቸው ናቸው። ስለዚህ ደቡብ የሚያይ ግድግዳ ለእኛም ይበልጣል፤ የሚበልጠው ግን በበጋ ስለሚያሞቅልን ነው። ደቡብን ለመለየት ማለዳ ፊታችሁን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙሩ፤ ቀኝ እጃችሁ ያለበት ደቡብ ነው።

ደቡብ የሚያይ ግድግዳ የሌለው ሰው ምዕራብ የሚያየውን ይምረጥ። የከሰዓት ፀሐይ የመታችው ግድግዳ ሙቀቱን ይዞ ወደ ሌሊቱ ይገባል። ምሥራቅ የሚያየው ሦስተኛ ነው፤ ሰሜን የሚያየውን ግን ለጎመንና ለቆስጣ ተዉት። ሌላም ነገር አስቡ። ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ከተራራው ተዳፋት ወደ ታች ይፈስሳል፣ ጎድጓዳ ቦታ ላይም ይተኛል። ከዳገቱ ግርጌ በአጥር የተከበበ ዝቅተኛ ግቢ ያለው ሰው የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ከጎረቤቱ ይልቅ ይበረታበታል፤ ለእሱ ግድግዳው ከምርጫ አልፎ ግዴታ ነው።

የግድግዳው ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። የድንጋይ ግንብ ሙቀት በመያዝ የሚተካከለው የለም። የኮንዶሚኒየማችን ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ያነሰ ይይዛል፤ ሆኖም ቀን ቀን ብርሃን መልሶ ለቅጠሉ ይሰጣል፣ በተለይ ቀለሙ ነጣ ያለ ከሆነ። የጭቃ ቤት ግድግዳ ሙቀት ይዞ ያቆያል፤ ነገር ግን እርጥበት ጠላቱ ነውና ውኃ የሚጠጣ ተክል ከሥሩ ማድረግ ቤቱን መጉዳት ይሆናል። ጭቃ ቤት ያለው ሰው በለሱን በድንጋይ ወይም በብሎኬት አጥሩ ላይ ያስጠጋ።

ከቆርቆሮ ጣሪያው ጠርዝ የሚወርደው ውኃ ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት። ክፈፉ ፍሬውን ከዝናብ ሲያድን፣ ከክፈፉ የሚዘንበው ውኃ ሥሩ ላይ ካረፈ ጥቅሙ ሁሉ ይጠፋል። በለስ ድርቅን ይችላል፤ ሥሩ ለሳምንታት ውኃ ውስጥ ሲቆም ግን ይበሰብሳል። ስለዚህ አሸንዳ ሳይኖር በለስ አትትከሉ። አሸንዳው የሚያወርደው ውኃም ከዛፉ ራቅ ብሎ ይፍሰስ፤ በርሜል ውስጥ ቢጠራቀም ደግሞ የለገዳዲ የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሀብት ነው።

አሁን ወደ ቤቱ ደኅንነት ልሂድ፤ ዛፉን ስናፈቅር ቤቱን መርሳት የለብንም። የበለስ ቤተሰብ በዓለም ላይ ከ750 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ ዋርካ፣ ሾላና ጭብሃ ሁሉ ወንድማማቾች ናቸው። የካ ውስጥ ያለው ሾላ ገበያ ስሙን የወሰደው ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ዋርካ ሕዝብ የሚሰበሰብበት፣ ሽምግልና የሚቀመጥበት ታላቅ ዛፍ ነው፤ ቦታው ግን ሜዳ ነው። ዋርካን፣ ሾላን፣ ጭብሃን ወይም በየግቢው ለጌጥ የሚተከለውን የጎማ ዛፍ ከቤት ግድግዳ ሥር አትትከሉ። ሥራቸው አጥር ይሰነጥቃል፣ የወለል ሊሾ ያነሣል። የምንበላው በለስ ከነዚህ ሁሉ ትንሹ ነው። ደኅና ቱቦ አይሰብርም፤ ነገር ግን የሚያንጠባጥብ መገጣጠሚያ ካገኘ ውስጡ ይገባል። ከፍሳሽ ጉድጓድና ከውኃ መስመር ቢያንስ 3 ሜትር አርቁት።

አፈሩን ቆፍራችሁ እዩ። ቀይ አፈር ከሆነ ደስ ይበላችሁ። ጥቁሩ ዋልካ ከሆነ ግን ቆም ብላችሁ አስቡ። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ ውኃ ቋጥሮ ይቆያል፤ በበጋ ይሸበሸባል፣ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በዋልካ ላይ መሠረቱ ጥልቅ ያልሆነ ቤት ካለ፣ ከጎኑ የቆመ ትልቅ ዛፍ በበጋ እርጥበቱን እየመጠጠ ሽብሸባውን ያባብሰዋል፤ የግድግዳ ስንጥቅ አንዱ መነሻ ይኼ ነው። ለዋልካ ያለኝ ምክር ቁርጥ ያለ ነው፤ መሬት ውስጥ አትትከሉት። 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ለሁለት አስቆርጡ፣ ከታች በርከት ያለ ቀዳዳ አስበሱ፣ አንድ ስንዝር ያህል ጠጠርና የሸክላ ስብርባሪ አልብሱት፣ ከዚያ ቀይ አፈር፣ አሸዋና የበሰበሰ ፍግ ቀላቅላችሁ ሙሉት። በርሜሉን በድንጋይ ላይ ከፍ አድርጋችሁ ከግድግዳው አስጠጉት። ይህ የችግረኛ መፍትሔ እንዳይመስላችሁ። የበለስ ሥር ሲጠብበው ዛፉ ቅጠል ማብዛቱን ትቶ ወደ ፍሬ ያዘነብላል። የእንግሊዝ አትክልተኞች መሬት ውስጥ ሲተክሉት እንኳ 60 ሳንቲ ሜትር በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍረው ጎኑን በድንጋይ ጠፍጣፋ ያጥሩታል፣ ታቹን በጡብ ፍርስራሽ ይሞሉታል፤ የሚያደርጉት ሥሩን ለመገደብ ነው። ቀይ አፈር ያላችሁም እንዲህ አድርጉ፤ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል ራቁ፣ አፈር ግድግዳው ላይ አትከምሩ።

በኮንዶሚኒየም ለምንኖር ሰዎች በርሜሉ ሌላም ጥቅም አለው። በጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የሕንፃው የውጭ ግድግዳና ቅጥር ግቢው የጋራ መጠቀሚያ ነው፤ በርሜል ደግሞ የጋራውን መሬት ሳያስቆፍር ይቀመጣል። ምድር ቤት ስለምኖር ብቻ ግድግዳው የኔ አይሆንም። ለዛፉ መደገፊያ ችንካር ከመምታታችሁ በፊት የብሎካችሁን ሰዎች አናግሩ፣ ከሕንፃው ባለቤቶች ማኅበር ፈቃድ ጠይቁ። በጎረቤት ስምምነት የተተከለ ዛፍ ጠባቂው ብዙ ነው፤ ያለ ስምምነት የተተከለ ግን አንድ ቀን በመጥረቢያ ይወድቃል።

ችግኙ ከየት ይምጣ? ከሱፐርማርኬት የገዛችሁትን ደረቅ በለስ ፍሬ አትዝሩ። ይበቅላል፤ ችግሩ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። በለስ ፍሬ የምንለው ነገር ውስጡ ጥቃቅን አበቦች የተደበቁበት ከረጢት ነው። አንዳንዱ ዓይነት ፍሬውን የሚይዘው ከትንኝ ያነሰች ተርብ በፍሬው ዓይን ሾልካ ገብታ የወንዱን ብናኝ ስታደርስለት ብቻ ነው። የካሊፎርኒያ ገበሬዎች በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ የሰምርኔስን ታዋቂ በለስ አስመጥተው ተከሉ፤ ዛፎቹ አደጉ፣ ፍሬው ግን በየዓመቱ ሳይበስል ይረግፍ ነበር። ተርቧ መጥታ እ.ኤ.አ. በ1899 እስክትላመድ ድረስ ለጥፋቱ ብዙ ምክንያት ሲፈለግ ኖረ። ከዘር የሚበቅሉ ችግኞች ደግሞ እኩሌታዎቹ የማይበላ ፍሬ የሚሰጡ ወንዶች ናቸው፤ ከሴቶቹም አብዛኞቹ ተርቧን ይሻሉ። ያለ ተርብ የሚያፈሩ ዓይነቶች አሉ፤ የኛ ዛፍ ከነሱ መሆን አለበት። ይህን የምታረጋግጡበት ቀላሉ መንገድ በዚህችው ከተማ ፍሬው በስሎ ከተበላለት ዛፍ ቅርንጫፍ መቁረጥ ነው።

በጥር፣ ዛፉ ሲያንቀላፋ፣ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው የበሰለ እንጨት 25 ሳንቲ ሜትር ያህል አድርጋችሁ ቁረጡ። ወተቱ እስኪደርቅ አንድ ቀን ጥላ ውስጥ አቆዩት። ከዚያ ሁለት ሦስተኛው ከመሬት በታች እንዲሆን አሸዋ በበዛበት አፈር ውስጥ ትከሉት፤ አፈሩ ይረጥብ እንጂ አይጨቅይ። ከአንድ እስከ ሁለት ወር ሥር ይይዛል። ወደ ግድግዳው የምታዛውሩት በመስከረም ነው። ብዙ ሰው ችግኝ በሐምሌ መትከል ለምዷል፤ ለባሕር ዛፍና ለጽድ ይበጃል፣ ለበለስ ግን የሐምሌ ጭቃ መቃብሩ ነው። በመስከረም አፈሩ ገና እርጥብ ነው፣ ፀሐይም ወደ ደቡቡ ግድግዳ ተመልሳለች። በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ፍሬ ታያላችሁ።

ዛፉን ግድግዳ ላይ የምትዘረጉት አግድም በተወጠረ ሽቦ ነው። ሽቦዎቹ እርስ በርሳቸው 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራራቁ፤ ከግድግዳው ደግሞ አንድ ስንዝር ያህል ወጣ ይበሉ፣ አየር ከኋላ ያልፍ ዘንድ። ቅርንጫፎቹን ግራና ቀኝ እየከፈታችሁ በጨርቅ ቅዳጅ እሰሯቸው፤ ሽቦ ቅርፊቱን ይቆርጠዋል። ቁመቱ ከ2 ሜትር ተኩል በላይ እንዳይሄድ ያዙት።

ስለ መግረዝ ስናገር አንድ የታወቀ ታሪክ ላንሣ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በሰሙነ ሕማማት ሰኞ መርገመ በለስን ታስባለች፤ ጌታ ቅጠል ያለባትን በለስ ቀርቦ ፍሬ ስላጣባት ረገማት። የወንጌሉን ምሥጢር መምህራን ያስተምራሉ፤ እኔ የገበሬውን ነገር ብቻ ላክል። በኢየሩሳሌም አገር የበለስ የመጀመሪያው ዙር ፍሬ ባለፈው ዓመት እንጨት ላይ ከቅጠሉ ጋር አብሮ ይወጣል። ቅጠል የለበሰች በለስ ጥቃቅን እሸት ልትይዝ ይገባታል። ቅጠል ብቻ ያለባት ዛፍ ያን ዓመት ባዶ ናት። በእኛ ግቢ ይህን ባዶነት የምናመጣው በራሳችን እጅ ነው፤ ወይ ያለፈውን ዓመት እንጨት በሙሉ ጨፍጭፈን እናወርደዋለን፣ ወይ ዩሪያና ትኩስ ፍግ አብዝተን ዛፉን በቅጠል እናሰክረዋለን። እንዲህ አድርጉ፦ በጥር ማብቂያ የሞተውን፣ የተጠላለፈውንና ወደ ውጭ የተገተረውን አውጡ። ከቀሩት ቅርንጫፎች አንድ ሦስተኛውን አሳጥሩ፣ ሌሎቹን ከነጫፋቸው ተዉ። ያሳጠራችሁት በበልግ አዲስ ቀንበጥ ያወጣል፤ ቀንበጡ 5 ወይም 6 ቅጠል ሲይዝ ጫፉን በጣት ቀንጥሱት። ፍግ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በደንብ የበሰበሰ፣ በየካቲት ይበቃል። አፈራችሁ ኮምጣጣ ከሆነ፣ የእንጦጦ ቀይ አፈር ደግሞ ወደዚያ ያዘነብላል፣ አንድ ሁለት እፍኝ የማገዶ አመድ ጨምሩበት።

ውኃ በበጋ በሳምንት አንድ ጊዜ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት በየቀኑ ከመርጨት ይሻላል፤ በርሜል ውስጥ ያለው ግን በሳምንት ሁለት ጊዜ ይፈልጋል። ደርቆ ከርሞ ድንገት ሲጠጣ ፍሬው ይሰነጠቃል። የአትክልት ማጠቢያ ውኃ ይሆናል፤ በረኪናና ዱቄት ሳሙና ያለበት አይሆንም።

በክረምት ቅጠሉ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ፣ ከበታቹም ዝገት የመሰለ ዱቄት ካያችሁ ዋግ ነው፤ ስንዴያችንን ከሚመታው ዋግ የተለየ የራሱ የበለስ ዋግ። የወደቀውን ቅጠል በየቀኑ ለቅሞ ማቃጠል ግማሽ ሕክምና ነው፤ ሌላው ግማሽ አየር እንዲገባ ቅርንጫፉን ማሳሳት ነው። በታኅሣሥ ብርድ ቅጠሉ ቢረግፍ ግን አትደንግጡ፣ ዛፉ አልሞተም። ወፎች ፍሬው ሊበስል አንድ ቀን ሲቀረው ይደርሳሉ። ቀዳዳ የበዛበት የሽንኩርት ከረጢት ቆርጣችሁ ፍሬ ያለበትን ቅርንጫፍ አልብሱት፤ ዛፉን በሙሉ በላላ መረብ ማልበስ ወፎቹን እያጠመደ ይገድላል፣ የእንጦጦ ደን ጎረቤቶች ሆነን ይህን ማድረግ አይገባንም።

ልጆች ላሏችሁ በተለይ የምለው አለ። ነጩ ወተት ቆዳ ላይ አርፎ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል፣ ውኃ ያስቋጥራል፤ በዚህ ከፍታ ፀሐያችን ብርቱ ስለሆነች ጉዳቱ ይከፋል። መግረዙን ወደ ማምሻው አድርጉት፣ ጓንትና እጅጌ ረጅም ልበሱ፣ የነካችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ፍሬው ሲያድግ ያታልላል። መጀመሪያ ፈጥኖ ያብጣል፤ ከዚያ ለሳምንታት ባለበት ይቆማል። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው፣ አንዳንዱም ቆርጦ ይጥለዋል። ታገሡት፤ በመጨረሻ በጥቂት ቀናት ውስጥ በእጥፍ ያብጣል፣ ቀለሙ ይለወጣል፣ ስኳሩ ይሞላል። የደረሰ በለስ አንገቱ ያዘነብላል፣ ሲነካ ይለሰልሳል፣ ሲቀጠፍ ወተት አያወጣም። እንደ አቮካዶ ጥሬውን ቆርጦ ጤፍ ውስጥ መቅበር አይሠራም፤ በለስ ከዛፉ ከተለየ በኋላ አይጣፍጥም። ጠዋት ቅጠፉ፣ የዚያኑ ዕለት ብሉ።

እንግዲህ ከነገ ጀምሮ የቤታችሁን ግድግዳ ተመልከቱ። ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ በእኩለ ቀንና ከሰዓት በዐሥር ሰዓት ፀሐይ የት እንደምታርፍ አስተውሉ፤ ከመሸ በኋላ ደግሞ በመዳፋችሁ ዳስሱት፣ የሞቀውን ታገኙታላችሁ። በግቢያችሁ የሚያፈራ በለስ ያላችሁ ሰዎች፣ በጥር ስትገርዙ የቆረጣችሁትን እንጨት አታቃጥሉት፤ ለጎረቤታችሁ ስጡት።